በቪዲዮ ጌም ውስጥ እንደ ሁኔታው የሚለዋወጥ ሙዚቃ፤ አሠራሩ እና የሙዚቃ ደራሲው መብት

የፊልም ሙዚቃ ከምስሉ ጋር አንድ ጊዜ ከተቀናበረ በኋላ አይለወጥም። በቪዲዮ ጌም ግን ተጫዋቹ በአንድ ስፍራ ለሁለት ደቂቃ ይቆይ ወይም ለአንድ ሰዓት፣ ከጠላት ይሽሽ ወይም ይግጠም አስቀድሞ ማወቅ አይቻልም። በዚህ ምክንያት ሙዚቃው የጨዋታውን ሂደት እየተከተለ እንዲለዋወጥ የሚያደርግ ሥርዓት አስፈላጊ ሆኗል። ይህ ጽሑፍ የሥርዓቱን አሠራር እና በዘርፉ ለመሰማራት የሚፈልጉ የሙዚቃ ባለሙያዎች ውል ከመፈረማቸው በፊት ሊያውቁት የሚገባውን ያብራራል።

አጀማመሩ

እ.ኤ.አ. በ1978 የጃፓኑ ታይቶ ኩባንያ ያቀረበው «ስፔስ ኢንቬደርስ» አራት ወፍራም ድምፆችን እየደጋገመ ያሰማ ነበር፤ ጠላቶቹ ሲፈጥኑ ድምፆቹም አብረው ይፈጥናሉ። እ.ኤ.አ. በ1991 የአሜሪካው ሉካስአርትስ በ«መንኪ አይላንድ 2» ላይ ማይክል ላንድ እና ፒተር ማኮኔል የሠሩትን «አይሚዩዝ» የተሰኘ ሥርዓት ተጠቀመ። ተጫዋቹ ከስፍራ ወደ ስፍራ ሲሻገር ሙዚቃው ሳይቆራረጥ፣ ምቱን ጠብቆ ወደ ሌላው ዜማ ይሸጋገር ነበር።

ሁለቱ ዋና ዘዴዎች

1. በንብርብር፦ የየመሣሪያው ድምፅ ለየብቻ ተቀርጾ፣ እንደ ሁኔታው ይጨመራል ወይም ይቀነሳል። በሰላም ጊዜ አንድ መሣሪያ ብቻ ይሰማል፤ አደጋ ሲቃረብ ከበሮ ይታከላል። ንብርብሮቹ እንዲጣጣሙ በአንድ ፍጥነት መሠራት አለባቸው። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው «ሬድ ዴድ ሪደምፕሽን» ሙዚቃ በአብዛኛው በደቂቃ 130 ምት የተቀናበረው ለዚህ ነው።

2. በቁራጭ፦ ሙዚቃው በአጫጭር ክፍሎች ተከፋፍሎ ይዘጋጃል፤ ፕሮግራሙም የያዘው ክፍል እስኪያልቅ ጠብቆ ለሁኔታው የሚስማማውን ያስከትላል።

የሙዚቃ ደራሲው መብት

በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት ወጥ የሆነና ግዙፍነት ያገኘ የሙዚቃ ሥራ ያለ ምንም ፎርማሊቲ ጥበቃ ያገኛል። ሆኖም ሥራው በቅጥር ወይም በአገልግሎት ውል የተሠራ ከሆነ፣ ተዋዋዮቹ በሌላ አኳኋን ካልተስማሙ በቀር፣ የመጀመሪያው ባለመብት አሠሪው ወይም ሥራውን ያዘዘው ሰው ነው።

ይህ ድንጋጌ ለዚህ ዘርፍ ልዩ ትኩረት ይሻል። ደራሲው የሚያስረክበው ያለቀ አንድ ዘፈን ሳይሆን እንደገና ሊገጣጠሙ የሚችሉ ክፍሎችን ነው፤ ያዘዘው ወገን በእነዚሁ ክፍሎች አዲስ ሙዚቃ አቀናብሮ ለሌላ ጌም ሊያውላቸው ይችላል።

ስለሆነም ባለሙያዎች የሚከተሉትን በጽሑፍ በውሉ እንዲያካትቱ ይመከራል፦

ሀ. ክፍሎቹ ለአንድ ጌም ብቻ ወይም ለተከታዮቹም የሚውሉ መሆናቸውን፤
ለ. ሙዚቃው ከጌሙ ውጭ በአልበም ወይም በማስታወቂያ ሲቀርብ የሚኖረውን ክፍያ፤
ሐ. የደራሲው ስም በጌሙ ውስጥ የሚጠቀስበትን ሁኔታ።

ውሉ ከመፈረሙ በፊት ረቂቁን ለሕግ ባለሙያ ማሳየት፣ የተቀረጹትንም ክፍሎች ከነቀናቸው በራስ እጅ ማስቀረት ኋላ ከሚነሳ ክርክር ይጠብቃል።