በቀጠሮ የሚጠራ ሥራና መረጃው

በጋይንት የምትገኘው ቤተ ልሔም፣ የድጓ ተማሪዎች ከየአገሩ እየመጡ ትምህርታቸውን የሚያስመሰክሩባት ደብር እንደ መሆንዋ፣ የቅዱስ ያሬድ ዜማ በብራናና በቃል ተጠብቆ እንዴት ከእኛ እንደ ደረሰ ታስረዳለች። ከንባቡ በላይ በደቃቅ ጽሕፈት የሚሰፍሩት የፊደል ምልክቶች፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ደረሷቸው የሚነገርላቸው፣ ዜማውን ራሱን አይዙም፤ ከታወቀ ዜማ የተነሡ ጥቂት ፊደላት ሆነው፣ ዘማሪውን ቀድሞ በቃሉ ወዳጠናው ዜማ ይመሩታል። ያ ዜማ ከልቡ ከጠፋ ግን ምልክቱ ብቻውን አንዳች አያሰማውም።

በመስኮትና በቁልፍ የሚሠራ ፕሮግራም የሚጽፉ ወጣቶች ዘወትር የሚቸገሩበት ነገር ከዚህ ሥርዐት ጋር የጠበቀ ዝምድና አለው። እንዲህ ያለ ፕሮግራም ከተከፈተ ጀምሮ የሚመጣለትን ክስተት እየጠበቀ በየተራው ያስተናግዳል። አንድ ተግባር፣ ከ3000 ሚሊ ሰከንድ በኋላ ሌላ ተግባር እንዲጠራ ለታይመር ቀጠሮ ሰጥቶ ሥራውን ሲፈጽም፣ በውስጡ የነበሩት ተለዋዋጮች ከእርሱ ጋር ያልፋሉ። ሰዓቱ ደርሶ የሚጠራው ተግባር፣ ፕሮግራመሮች ኮልባክ የሚሉት፣ ስለ ምን ጉዳይ እንደ ተቀጠረ በራሱ ሊያውቅ አይችልምና መረጃው ከቀጠሮው ጋር ሊሰጠው ይገባል።

ጂቲኬ የተባለው የመስኮት መሣሪያ ይህን አስቀድሞ አስቦበታል፤ ታይመር ሲታዘዝ ከጊዜው ልክና ከተግባሩ ጋር አንድ የሜሞሪ አድራሻ ይቀበልና፣ ምን እንደ ያዘ ሳይመረምር በቀጠሮው ሰዓት ለኮልባኩ ያስረክባል። የዊንዶውስ «ሴት ታይመር» የተባለው ተግባር ግን ለኮልባኩ የሚነግረው መስኮቱን፣ የመልእክቱን ዐይነት፣ የታይመሩን ቁጥርና ጊዜውን ብቻ ስለ ሆነ፣ ፕሮግራመሩ መረጃውን በመስኮቱ ዘንድ አስቀምጦ መልሶ መፈለግ ይኖርበታል። የፊተኛው አሠራር ይበልጥ የተመሰገነ ይመስለኛል፤ ነገር ግን አድራሻ እንደ ድጓው ምልክት ጠቋሚ ብቻ ነው። የጠቆመው ነገር ባለፈው ተግባር ውስጥ የነበረ ተለዋዋጭ ከሆነ፣ ኮልባኩ የሚያነበው የፈረሰ ሜሞሪ ይሆናል፤ እጅግ የሚያሳስበውም፣ በሙከራ ጊዜ ብዙ ጊዜ በትክክል የሠራ መስሎ ማለፉ ነው።

በፓይተን ስሕተቱ ሌላ መልክ ይይዛል። ለድጓ ተማሪ 10 የዜማ መስመሮችን በየ3 ሰከንዱ በተራ የሚያሳይ ፕሮግራም ቲኪንተር በተባለው የፓይተን የመስኮት መሣሪያ ሲሠራ፣ በዙር ውስጥ ለየመስመሩ ስም አልባ ተግባር ፈጥሮ ቀጠሮ የሚሰጥ ሰው፣ 10ሩም ጊዜ የመጨረሻው መስመር ብቻ ሲመጣበት ያያል፤ ተግባሩ የያዘው የተለዋዋጩን ስም ነውና፣ ዋጋውን የሚመለከተው በተጠራበት ሰዓት፣ ዙሩ ካለቀ በኋላ ነው። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ የቲኪንተር ቀጠሮ ሰጪ የሆነው «አፍተር» ከተግባሩ ስም ቀጥሎ የተሰጠውን ዋጋ እዚያው ተቀብሎ ስለሚያቆይ፣ መስመሩን ራሱን ማስከተል ይበቃል። የጃቫ ስክሪፕት «ሴት ታይም አውት» የተባለው ተግባርም ዋጋውን እንዲሁ ይቀበላል።

ተጠቃሚው ከቀጠሮው ሰዓት አስቀድሞ መስኮቱን የዘጋ እንደ ሆነ፣ ታይመሩ ካልተሰረዘ ኮልባኩ በሌለ መስኮት ላይ ሊጽፍ ይነሣል። ስለዚህ አፍተር የሚመልሰውን መለያ ጠብቆ፣ መስኮቱ ሲዘጋ በእርሱ ቀጠሮውን ማፍረስ ያስፈልጋል፤ በጂቲኬም ታይመሩ ሲወገድ የመረጃውን ሜሞሪ የሚለቅ ተጨማሪ ተግባር አብሮ ማስመዝገብ የሚቻልበት መንገድ ስላለ፣ በትልልቅ ፕሮግራሞች ዘንድ ሁልጊዜ ይህን መንገድ መምረጥ ይገባል እላለሁ።