«መያዝ» እና «መታመም»፦ የቲቢ ምርመራ የሚጠይቃቸው ሁለት ቃላት

አማርኛ ተናጋሪ «ጉንፋን ያዘኝ»፣ «ወባ ያዘው» ሲል መታመሙን መናገሩ ነው። «ያዘ» የሚለው ግስ በዚህ አገባቡ ሕመሙን እንጂ የሕመሙ መንሥኤ ወደ ሰውነት መግባቱን ብቻ አያመለክትም። በሕክምና ሳይንስ ግን የባክቴሪያ መግባትና መታመም ሁለት የተለያዩ ጽንሰ ሐሳቦች ናቸው። የልዩነቱ ክብደት ጎልቶ ከሚታይባቸው በሽታዎች አንዱ ቲቢ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ ከዓለም ሕዝብ ሩቡ ያህል የቲቢ ባክቴሪያ ገብቶበታል፤ ከእነዚህ ውስጥ በዕድሜ ዘመናቸው የሚታመሙት ግን ከ100 ከ5 እስከ 10 የሚሆኑት ናቸው። ያልታመመው ሰው ቲቢ አያስተላልፍም። ስለዚህ ጤነኛውን ሰው «ቲቢ ይዞሃል» ማለት፣ ያለ በቂ ምክንያት መኝታውንና ዋንጫውን እንዲለይ መፍረድ ነው።

ለመሆኑ ምርመራው የሚያሳየው ምንድን ነው? ሮበርት ኮኽ እ.ኤ.አ. በ1890 ያስተዋወቀው ቱበርኩሊን፣ በ1907 በክሌመንስ ፎን ፒርኬ፣ በ1908 ደግሞ በሻርል ማንቱ አማካይነት የቆዳ መመርመሪያ ሆነ። በማንቱ ዘዴ ፈሳሹ በክንድ ቆዳ ውስጥ ይወጋል፤ ከ48 እስከ 72 ሰዓት በኋላ የሚለካውም ቅላቱ ሳይሆን የጠጠረው እብጠት ነው። የቢሲጂ ክትባት የወሰደ ሰውም ሊያብጥ ይችላል። በኢንተርፌሮን ጋማ ላይ የተመሠረተው አዲሱ የደም ምርመራ ይህን እንከን ያስወግዳል። ይሁን እንጂ ሁለቱም የሚለኩት ሰውነት ባክቴሪያውን ማወቁን እንጂ ባክቴሪያውን ራሱን አይደለም። የጅብ ኮቴ ያየ ሰው ጅብ በዚያ ማለፉን ያውቃል፤ ጅቡ አሁንም በዱሩ ውስጥ መኖሩን ግን ኮቴው አይነግረውም።

ለዚህ ሁኔታ ሊሰጡ የሚችሉ ስያሜዎችን እንመርምር። «ድብቅ ቲቢ» ባለቤቱን ስም «ቲቢ» አድርጎ ስለሚያስቀር፣ ሕመሙ አለ፣ የጎደለው መገለጡ ብቻ ነው ያሰኛል። «የተኛ ቲቢ» ደግሞ «ሆስፒታል የተኛ» ከሚለው ጋር ይምታታል። «ያደፈጠ ቲቢ» ጥቃቱ እንደማይቀር ይተነብያል፤ ከ100 ከ90 በላይ በሚሆኑት ላይ ግን ጥቃቱ አይደርስም። «ንክኪ» እንዳንል፣ ቃሉ ከታማሚ ጋር ለኖረ ሰው ተይዟል። ለኤች አይ ቪ የተለመደው «ቫይረሱ በደማቸው የሚገኝ» የሚለው ሐረግ መያዝን ከመታመም በመለየት ታላቅ አገልግሎት ሰጥቷል፤ ለቲቢ ግን ምርመራው ያላየውን «ይገኛል» ማለት ይሆናል።

መደባለቁ በተቃራኒው አቅጣጫም ይጎዳል። ሐኪሙ ሰውየው ሳል፣ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ ወይም ክሳት እንደሌለው ሳያረጋግጥ፣ ለመከላከያ የሚሰጠውን አይሶናያዚድ ብቻውን ለታማሚ ቢያዝ፣ መድኃኒቱን የተላመደ ባክቴሪያ ሊፈጠር ይችላል። ማን እንደሚታመም ለመገመትም የምርመራው ውጤት ብቻ አይበቃም፤ ዕድሜ ከ5 ዓመት በታች መሆን፣ ኤች አይ ቪ፣ ባክቴሪያው የገባበት ጊዜ ቅርብነትና የሰውነት የመከላከል አቅም መድከም አብረው ይመዘናሉ። የምዘናውም ውጤት ከ«ትንቢት» ጋር ሥር የሚጋራው «ትንበያ» ከሚባል ይልቅ «የተጋላጭነት ግምት» ቢባል ይሻላል።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጽንሰ ሐሳብ «የቲቢ ልክፈት»፣ ለሁለተኛው «የቲቢ ሕመም» የሚሉትን እናቀርባለን። «ልክፈት» የዛርን «ልክፍት» ሊያስታውስ ስለሚችል በጽሑፍ እንጂ በምርመራ ክፍል ባይነገር ይመረጣል። ለተመርማሪው ግን «ሰውነትህ የቲቢን ባክቴሪያ ያውቀዋል፤ አልታመምህም» የሚለው ዐረፍተ ነገር፣ ሕመም አለመኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ፣ እውነቱን ሳይጨምርና ሳይቀንስ ያደርሳል።