ለአሮጌ መኪና አዲስ ድምፅ፦ ገንዘቡ በቅድሚያ የት ይዋል?

በሻርጃ የኢንዱስትሪ አካባቢዎች ከተበተኑ መኪኖች የተነቀለ ዕቃ የሚሸጡ መደብሮች በርካታ ናቸው። ከሞተሩና ከመብራቱ ጎን ቴፕና ስፒከርም አይጠፋም። ወደዚያ የሚያቀናው የአሮጌ ኮሮላ ባለቤት ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የወሰነው ነገር አለ፤ ሰፊ ስክሪን ያለው አዲስ ቴፕ መግዛት ይፈልጋል። ከወር ደመወዙ ቀንሶ የገዛው ቴፕ ከተገጠመ በኋላ ግን ድምፁ እንደ ቀድሞው ሲንጫጫ ያገኘዋል። የተበላሸው ሌላ ቦታ ነበርና።

በባሕረ ሰላጤው የበጋ ፀሐይ ላይ ተዘግቶ የቆመ መኪና ውስጡ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊያልፍ ይችላል። ይህ ሙቀት በየዓመቱ ሲደጋገም ከሚጎዳቸው ዕቃዎች አንዱ ስፒከሩ ነው። ሾጣጣውን ወረቀት ዙሪያውን የያዘው ስስ የስፖንጅ ጠርዝ ይደርቅና እየተፈረፈረ ይረግፋል፤ ወፍራሙ ድምፅም ወደ መርገፍገፍ ይለወጣል። ስለዚህ ከማንኛውም ግዢ በፊት የበሩን የውስጥ ሽፋን አስፈትቶ ማየት ያስፈልጋል።

ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ለፊት በሮች ስፒከሮች ይዋል። የኋላዎቹ ሊቆዩ ይችላሉ። በምርጫው ጊዜ በካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈው የዋት ቁጥር ገዢውን ሊያታልለው አይገባም። «50 በ4» የሚል የተጻፈበት ቴፕ ከመኪናው የ12 ቮልት ባትሪ ወስዶ ለእያንዳንዱ ስፒከር ያለማቋረጥ የሚሰጠው ንጹሕ ኃይል በአብዛኛው ከ20 ዋት እምብዛም አይዘልም። ይልቁንም መታየት ያለበት በዴሲቤል የተገለጸው ቁጥር ነው፤ ስፒከሩ በአንድ ዋት ኃይል፣ በአንድ ሜትር ርቀት ላይ ምን ያህል ድምፅ እንደሚሰጥ ያመለክታል። 90 የተጻፈበት ስፒከር 87 ከተጻፈበት በ3 ዴሲቤል ይበልጣል፤ ይህም የቴፑን ኃይል በእጥፍ ከማሳደግ ጋር እኩል ነው። ሻጮች ይህን ቁጥር ሲያነሡ ብዙም አይሰሙም፤ በካርቶኑ ጀርባ በትንሹ ተጽፎ ይገኛል።

ጥሩ ስፒከር ግን ቀዳዳው በበዛ በር ላይ ሲገጠም ዋጋውን ያጣል። ከስፒከሩ ጀርባ የሚወጣው ድምፅ በበሩ ቆርቆሮ ቀዳዳዎች ሾልኮ ከፊተኛው ጋር ሲቀላቀል ወፍራሙን ድምፅ ያጠፋዋል። ቀዳዳዎቹን ራሱ በሚጣበቅ፣ ቢዩቲል ከተባለው ጎማ በተሠራ ንጣፍ መድፈን ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ግን ከፍተኛ ነው። ከሬንጅ የተሠራው ንጣፍ ዋጋው ቢረክስም በሙቀት ይለሰልሳልና ለዚህ አገር አይመከርም። በበሩ ግርጌ ያሉት የውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳዎች ግን ፈጽሞ መደፈን የለባቸውም፤ በሩ በዝገት ይበላል።

ሽቦ ሲቀጠል ፖዘቲቩና ኔጋቲቩ መለየት አለበት። የአንዱ በር ስፒከር ተገልብጦ ከተያያዘ አንዱ ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ ሙዚቃውም ይሳሳል። ለማረጋገጥ አንዲት ባለ 1.5 ቮልት የእጅ ባትሪ ድንጋይ ትበቃለች፦ ፖዘቲቩ ፖዘቲቩን በትክክል ሲነካ ሾጣጣው ወደ ውጭ ይወጣል።

ቴፑን በቅድሚያ መቀየር የሚያስፈልግበት አንድ ሁኔታ አለ፤ እርሱም አገር ቤት ያሉ ዘመዶቻችንን ይመለከታል። ለጃፓን ገበያ ተሠርተው፣ መሪያቸው በዱባይ ወደ ግራ ተዛውሮ ወደ ኢትዮጵያ የገቡ እንደ ቪትዝ ያሉ መኪኖች አሉ። የጃፓን ሬዲዮ የሚይዘው ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ያለውን ሞገድ ነው። ኤፍ ኤም አዲስ በ97.1፣ ሸገር በ102.1 ስለሚተላለፉ ሬዲዮው አያገኛቸውም። ሞገድ የሚያዛውር ትንሽ መሣሪያ ቢኖርም በስክሪኑ ላይ የሚታየው ቁጥር ከጣቢያው ቁጥር ጋር አይገጥምም። ኢትዮጵያ በ2024 በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ በመከልከሏ እነዚህ መኪኖች ገና ብዙ ዓመት ይነዳሉና ቴፑን መለወጥ ይሻላል።

ለቶዮታ ቴፕ የሚገዛ ሰው ስፋቱን ልብ ይበል። የቶዮታ ቦታ 200 ሚሊ ሜትር ሲሆን አብዛኛው የገበያ ቴፕ 178 ነው፤ በግራና በቀኝ የሚቀረውን ክፍተት የሚሞላ የፕላስቲክ ክፈፍ አብሮ መገዛት አለበት። የፋብሪካውን ሽቦ ከመቁረጥ ይልቅ ለሞዴሉ የተሠራውን ማገናኛ ሶኬት መጠቀም ይበጃል፤ መኪናው ሲሸጥ የቀድሞው ቴፕ ያለ ችግር ይመለሳል።

አምፕሊፋየር ለማስገባት የቆረጠ ደግሞ ከባትሪው በቀጥታ የሚወጣው ሽቦ ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ እንዲኖረው ያድርግ። ሽቦው በአካሉ ቆርቆሮ ተፍቆ ቢላጥ መኪናውን ከእሳት የሚያድነው እርሱ ብቻ ነው። «አያስፈልግም» የሚል ባለሙያ ካጋጠመው ወደ ቀጣዩ ጋራዥ ይለፍ።