የቀበሌ ቤት ጣሪያ ላይ ማን ይውጣ?

ባለፈው ሳምንት እኩለ ቀን ላይ ጎረቤቴ እማማ ዘንድ ቡና ልጠጣ ገባሁ። ገና ሳልቀመጥ «ልጄ፣ መብራቱን አጥፊ፤ በሩንም ገርበብ አድርጊና ቀና በይ» አሉኝ። ኮርኒሱ ከአንድ ጥግ ተገንጥሎ ስለወረደ ቆርቆሮው ወለል ብሎ ይታያል። ዓይኔ ጨለማውን ሲለምድ ብርሃን የሚያስገቡትን ቀዳዳዎች ቆጠርኩ፤ አሥራ አንድ። አብዛኛው የመርፌ ዓይን ያህላል፣ አንዱ ግን ሽንብራ ያሳልፋል። «አሥራ አራት ነበሩ፤ ሦስቱን አምና በሬንጅ አስደፍኛለሁ» አሉ። ከአልጋቸው ሥር ሁለት ሳፋና አንድ የቀለም ባልዲ ተደርድረዋል። ገና ግንቦት ነው።

አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርድ ነው። በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዘነበ ማለት አንድ ሊትር ውሃ ወረደ ማለት ስለሆነ፣ የእማማ ቤት ዓይነት 30 ካሬ ሜትር ጣሪያ በዓመት 36 ሺህ ሊትር ያህል ይቀበላል። በበርሜል ሲሰፈር 180 በርሜል መሆኑ ነው። ቀዳዳው ከዚህ የሚያስገባው ጥቂቱን ቢሆንም ለጭቃ ግድግዳ ያ ጥቂት ይበቃል። ጭድና ጭቃው ውሃ ከጠገበ ልስኑ ይቦካል፣ የቋሚው እግር ይበሰብሳል። ጣሪያ ያፈሳል ብለን የምናማው ቤት በመጨረሻ የሚወድቀው በግድግዳው በኩል ነው።

ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ የቆርቆሮው ጭነት በረከተ፤ የሣር ክዳን ከመሀል ከተማ እየሸሸ ሄደ። የጣሪያው ባለቤት ማን እንደሆነ ግራ የገባን ግን ኋላ ነው። ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ወርሃዊ ኪራያቸው እስከ 100 ብር የሆኑት ቤቶች ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። ደኻው ከአከራይ ጫና መላቀቁን አልክድም፤ ብዙ ቤተሰብ ልጆቹን ያሳደገው በዚያ ኪራይ ነው። ግን የጥቂት ብር ኪራይ ቆርቆሮ አይገዛም። ተከራዩ «የመንግሥት ቤት ነው» ይላል፤ ቀበሌው፣ ኋላም ወረዳው፣ «በጀት የለም» ይላል። ይህ ምልልስ ይኸው ከ50 ዓመት በላይ ሆነው።

እኔም ያደግኩት በቀበሌ ቤት ነው። አንድ ዓመት አባቴ አራት ቆርቆሮ ለመቀየር ማመልከቻ አስገባ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በፈቃድ ካልሆነ ጥገናው «ግንባታ» ተብሎ ሊፈርስ ይችላል። ማመልከቻውን ያስገባው መጋቢት ላይ ነበር። ባለሙያ መጥቶ እስኪያይ ግንቦት አለቀ፤ ደብዳቤው የወጣው ሐምሌ አጋማሽ ላይ ነው። ቆርቆሮውን የመታነው በሁለት ዝናብ መካከል፣ ሸራ ይዘን ነበር። ሁለቱ የተመቱት ተጣመው ነው፤ ዛሬም እንደተጣመሙ አሉ።

ጣሪያ ግን ቀድሞ ይናገራል። በልግ ላይ የሚጥለው ዝናብ ነጻ ፍተሻ ነው፤ ያን ቀን ያንጠባጠበበትን ቦታ በጠመኔ ምልክት ያደረገ ሰው ግማሹን ሥራ ጨርሷል። ኮርኒስ ላይ የሻይ ቀለም ያለው ክብ ካዩ ጠርዙን ልብ ይበሉ፦ አንዱ ክብ በሌላው ውስጥ ከተደራረበ ቤቱ ከአንድ ጊዜ በላይ አፍስሷል ማለት ነው። ቀዳዳው ደግሞ ከእድፉ በላይ ቀጥ ብሎ አይገኝም። ውሃ በእንጨቱ ላይ ተንሸራቶ ነው የሚወርደው፤ ስለዚህ ከእድፉ ወደ ጣሪያው አናት አቅጣጫ ይፈልጉት።

በብዛት የሚያስገባው ሚስማሩ ነው። ቆርቆሮ ቀን በፀሐይ ይለጠጣል፣ ሌሊት በብርድ ይሰበሰባል፤ በዓመታት ውስጥ ሚስማሩን ከሞራሌው ላይ ቀስ በቀስ ይነቅለዋል፣ ጎማውም ይሰነጠቃል። የተነሳን ሚስማር እዚያው ቀዳዳ ላይ መልሶ መምታት ሥራ አይደለም፤ እንጨቱ ስለሰፋ በወሩ ይነሳል። ረዘም ያለ፣ ጎማ ያለው ይግባበት፤ የሚመታውም በቆርቆሮው ጉብታ ላይ እንጂ ውሃ በሚሄድበት ቦይ ላይ አይሁን። ሞራሌውን በካቻቢቴ ጫፍ ወጋ ያድርጉት፤ እንደ ዳቦ ከገባ ከቆርቆሮው በፊት እንጨቱ ይቀየር።

ንፋስ እንዳይወስደው ብለን የምንጭንበት ድንጋይና አሮጌ ጎማም ጠላት ነው፦ ሥሩ እርጥበት ይዞ ይከርማል፣ ሲነሳ በቅርጹ ልክ ዝገት ይገኛል። ዲሽ የተተከለበትን ቦታ፣ ዲሹን ሊያዞር የወጣው ልጅ የረገጠውንም ይዩ። አሸንዳው በባሕር ዛፍ ቅጠል ከተሞላ ውሃው ተመልሶ ወደ ግድግዳው ይገባል። (ቆርቆሮ ሊገዙ ከሆነም ቁጥሩ እንዳያታልልዎ፤ 35 ጌጅ ከ28 ጌጅ የሳሳ ነው። «ትልቅ ቁጥር ነው» እያለ የሚሸጥ ነጋዴ አጋጥሞኛል።) ሬንጅ ለአንድ ክረምት ይሆናል፤ የበጋው ፀሐይ ሲሰነጥቀው ካዩ እንደገና አይቀቡት፣ ቆርቆሮውን ይቀይሩ።

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በክረምት በጎ ፈቃድ የአቅመ ደካሞች ቤት ይታደሳል። ጥሩ ነገር ነው፤ ብዙ አዛውንት በደረቅ አልጋ አድረውበታል። ቅሬታዬ ስሙ ላይ ነው፦ ክረምት። ጣሪያ የሚገለጠው ዝናብ ሲወርድ ነው፤ የአሮጊቷ ዕቃም ለሳምንት በላስቲክ ተሸፍኖ ደጅ ያድራል። ያው ጉልበትና ያው ቆርቆሮ ሚያዝያ ላይ ቢመጣ ምን ይጎድላል?

በዚህ መሀል በፒያሳና በካዛንችስ ብዙ የቀበሌ ቤቶች ፈርሰው ነዋሪው ተነስቷል። ይህ ለቀሩት ቤቶች አዲስ ሰበብ ሆኗል፤ «ሊፈርስ ነው» በሚባል ቤት ላይ ማን ቆርቆሮ ያወጣል? እማማም ይህንኑ አሉኝ፦ «ነገ ሊያፈርሱት፣ ዛሬ ሚስማር ልግዛ?» መልስ አጣሁ። ነገ የተባለው ነገ ግን ሦስት ክረምት አልፎታል፤ ሳፋዎቹም ሦስቱንም ክረምት አልጋው ሥር ነበሩ።

ስለዚህ ለወረዳ ቤቶች አስተዳደር ኃላፊዎች አንድ ልመና አለኝ። የጣሪያ ጥገና ማመልከቻ ከየካቲት ጀምሮ ይቀበሉ፣ መልሱንም እስከ ሚያዝያ መጨረሻ ይስጡ። ለአራት ቆርቆሮ ቅያሪ የሚያስፈልገው አንድ መሰላል፣ አንድ ባለሙያና አንድ ፊርማ ነው። የእማማ ማመልከቻ እኔ ጋ አለ፤ ሰኞ ጠዋት ይዤው እመጣለሁ።