የሞተ ጥርስ ዳግም ነፍስ ይዘራ ይሆን?

ልጅ ሳለን የወተት ጥርሳችን ሲነቃነቅ በክር አስረን እንነቅለውና፣ ጥሩ ጥርስ እንዲበቅልልን ብለን ጣሪያ ላይ እንወረውረው ነበር። ያች የወረወርናት ትንሽ ጥርስ በውስጧ ሕይወት ያለው ሕዋስ ይዛ እንደምትሄድ ማናችንም አናውቅም ነበር። ዛሬ ተመራማሪዎች ከወተት ጥርስ ሕዋስ ወስደው በአደጋ የሞተን ቋሚ ጥርስ ከውስጡ ለማዳን እየሠሩ ነው። ነገሩ ምን እንደሆነ፣ የት እንደደረሰና እኛ ወላጆች ከዚህ ምን እንደምንይዝ እንመልከት።

ጥርስ ድንጋይ አይደለም

ብዙዎቻችን ጥርስን እንደ ድንጋይ ደረቅ ነገር አድርገን እናስበዋለን። እውነታው ግን ሌላ ነው። ከላይ የምናየው ነጩ ሽፋን ኢናሜል ይባላል፤ በሰውነታችን ካለው ነገር ሁሉ የሚጠነክረው እሱ ነው። ከእሱ ሥር ዴንቲን የሚባለው፣ አጥንት የሚመስል ክፍል አለ። መሃል ላይ ደግሞ እስከ ሥሩ ጫፍ በሚዘልቅ ጠባብ ክፍተት ውስጥ ፐልፕ የሚባል ለስላሳ ሥጋ ይገኛል። የደም ሥሮችና ነርቮች ያሉት እዚህ ነው። በተለምዶ «የጥርስ ነርቭ» የምንለውም ይህንኑ ነው።

ኢናሜልን የሚሠሩት ሕዋሳት ጥርሱ ድዱን ሰንጥቆ ሲወጣ ስለሚጠፉ፣ የተሸረፈ ኢናሜል ተመልሶ አያድግም። ፐልፕ ግን ሕያው ነው። ጉዳት ሲጠጋው ከውስጥ በኩል አዲስ ዴንቲን እየሠራ ራሱን ይከላከላል። ይሁንና አቅሙ ውስን ነው። ጥርሱ በጥልቀት ተቦርቡሮ ባክቴሪያ ከደረሰበት ይቆጣል፤ ዙሪያውን በጠንካራ ግድግዳ የታጠረ ስለሆነ ደግሞ የሚያብጥበት ቦታ የለውም። እንቅልፍ የሚነሳው የጥርስ ሕመም ከዚህ የሚመጣ ነው። ሕክምና ካላገኘ በመጨረሻ ፐልፑ ይሞታል።

የልጆች ጥርስ ለምን ይለያል?

ፐልፑ የሞተ ጥርስ ዛሬ የሚታከመው «ሩት ካናል» በሚባለው ዘዴ ነው። ሐኪሙ የሞተውን ሥጋ አውጥቶ ክፍተቱን ያጸዳና በሌላ ነገር ሞልቶ ይዘጋዋል። ሕክምናው ጥሩ ነው፤ ጥርሱን ለብዙ ዓመታት ያቆያል። ሆኖም ጥርሱ ከዚያ በኋላ ስሜትም የለው፣ ራሱንም አይጠግንም።

ችግሩ የሚብሰው በልጆች ላይ ነው። የፊት ቋሚ ጥርስ በ7 ወይም በ8 ዓመት ገደማ ሲወጣ ሥሩ ገና አላለቀም። ጫፉ ክፍት፣ ግድግዳውም ስስ ነው። ሥሩ ተሠርቶ የሚያልቀው ጥርሱ ከወጣ ከ3 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በዚህ መሃል ልጁ ሲጫወት ወድቆ ፐልፑ ከሞተ የሥሩ ዕድገት እዚያው ላይ ይቆማል። ሐኪሞች ጫፉን በመድኃኒት ቢዘጉትም ግድግዳው ስስ እንደሆነ ይቀራል፤ ጥርሱም በቀላሉ ይሰበራል። ምርምሩ በልጆች ጥርስ ላይ ያተኮረው በዚህ ምክንያት ነው።

ከ2001 ጀምሮ የጃፓንና የሌሎች አገሮች ሐኪሞች አንድ ዘዴ ማሳየት ጀመሩ። የጥርሱን ውስጥ ካጸዱ በኋላ የሥሩን ጫፍ አልፈው በቀጭን መሣሪያ ነክተው ሆን ብለው ያደሙታል። የረጋው ደም ክፍተቱን ይሞላል፤ በሥሩ ዙሪያ ያሉ ሕዋሳትም ገብተው ያድጉበታል። በብዙ ልጆች ላይ ሥሩ ሲረዝምና ሲወፍር ታይቷል። ነገር ግን በውስጡ የሚያድገው ብዙ ጊዜ እውነተኛ ፐልፕ ሳይሆን አጥንት መሰል ነገር ነው።

ከወተት ጥርስ የተገኘው ሀብት

በ2000 በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የሚሠሩ ተመራማሪዎች በቋሚ ጥርስ ፐልፕ ውስጥ ስቴም ሴል አገኙ። ስቴም ሴል ማለት ራሱን እያባዛ ወደ ተለያዩ ዓይነት ሕዋሳት መለወጥ የሚችል መነሻ ሕዋስ ነው። በ2003 ደግሞ ሶንግታኦ ሺ የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ ተመሳሳይ ሕዋስ በሚወልቅ የወተት ጥርስ ውስጥ እንዳለ አስታወቁ። ሐሳቡ የመጣለት የ6 ዓመት ልጁ ጥርስ በተነቃነቀበት ጊዜ ነበር።

ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ2018፣ ይኸው ተመራማሪ በቻይና ሺያን ከተማ ካሉ ሐኪሞች ጋር ያደረገው ሙከራ ውጤት ታተመ። ሙከራው የፊት ጥርሳቸው በአደጋ የሞተባቸውን 40 ልጆች ያካተተ ነበር። ለ30ዎቹ ከራሳቸው የወተት ክራንቻ የተወሰደ ሕዋስ በቤተ ሙከራ ከተራባ በኋላ በተጎዳው ጥርስ ውስጥ ተተከለ። 10ሩ የተለመደውን ሕክምና አገኙ። ከ1 ዓመት በኋላ ሕዋስ የተተከለላቸው ልጆች የጥርስ ሥር ረዝሞ፣ የደም ዝውውርና ስሜትም ተመልሶ ተገኘ። ከልጆቹ አንዱ ጥርሱ ዳግም ተጎድቶ ሲነቀል ተመራማሪዎቹ ውስጡን የማየት ዕድል አገኙ፤ የደም ሥርና ነርቭ ያለው ፐልፕ ነበር።

ሌላው መንገድ ፐልፑ ሳይሞት መድረስ ነው። በ2017 በለንደን ኪንግስ ኮሌጅ የፖል ሻርፕ ቡድን ለአልዛይመር በሽታ የተሞከረ ቲደግሉሲብ የተባለ መድኃኒት ትንሽ ስፖንጅ ላይ አድርጎ በተቦረቦረ የአይጥ ጥርስ ውስጥ አስገባ። ስፖንጁ ቀስ በቀስ ሲሟሟ በቦታው ጥርሱ ራሱ የሠራው ዴንቲን ተተካ።

እኛ ዘንድስ?

በሕዋስ ተከላ የሚደረገው ሕክምና በአብዛኛው ዓለም ገና በምርምር ላይ ነው። ስለዚህ «ቆይ ይህ እስኪመጣ» ብሎ የታመመ ጥርስን ማቆየት ትልቅ ስሕተት ነው።

ሌላም ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። የቻይና ሐኪሞች እንደ ሀብት የቆጠሩትን የወተት ክራንቻ፣ በአገራችን አንዳንድ አካባቢዎች ሕፃን ሲያስቀምጠው ወይም ሲያተኩሰው «ግግ ነው» ተብሎ ድዱ ተቧጥጦ ገና በእንጭጩ ይወጣል። ይህ ተቅማጡን አያድንም። ለብክለት ያጋልጣል፣ ከሥሩ ያለውንም የቋሚ ጥርስ እንቡጥ ያበላሻል። የታመመ ሕፃን መወሰድ ያለበት ወደ ጤና ተቋም ነው።

ከዚህ የምንይዛቸውን ነጥቦች እናስቀምጥ፦

- ልጅ ወድቆ የፊት ጥርሱን ከመታ ሕመም ባይኖረውም ለሐኪም እናሳየው። ጥርሱ ወደ ግራጫ ቀለም ከተለወጠ ፐልፑ ሞቶ ሊሆን ይችላል።

- ቋሚ ጥርስ ከነሥሩ ከወለቀ ሥሩን ሳንነካ አናቱን ይዘን ወደ ቦታው እንመልሰው፤ ካልሆነም ወተት ውስጥ ከተን በ1 ሰዓት ውስጥ ሐኪም ዘንድ እንድረስ። የወተት ጥርስ ግን አይመለስም።

- የተቦረቦረ ጥርስ ሳያመን እናስሞላው። ካመመን ደግሞ «ይነቀል» ከማለታችን በፊት መዳን ይችል እንደሆነ እንጠይቅ።

- ጣፋጭ እንቀንስ። ሲዋክ መጠቀም ሱናም ጤናም ነው፤ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና በቀን 2 ጊዜ መቦረሽን እንጨምርበት።

ሳይንሱ የሚሞክረው ከጠፋ በኋላ መመለስን ነው። ለእኛ ግን ዛሬ የሚቀርበው ያለውን መጠበቅ ነው። አላህ የሰጠን ጥርስ አማና ነውና ከልጅነት ጀምሮ እንንከባከበው።