«ሰንፊሽ» የሚለው ስም በአማርኛ፤ ስለ ሌፖሚስ ጊቦሰስ አመዳደብና አሰያየም

በእንግሊዝኛ «ሰንፊሽ» የሚል ቃል ያጋጠመው ተርጓሚ «የፀሐይ ዓሣ» ብሎ ለማለፍ ይፈተናል። ይሁን እንጂ ቃሉ በዝምድና የተራራቁ ፍጥረታትን ያመለክታል፤ ይኸውም በምሥራቃዊ ሰሜን አሜሪካ ሐይቆች፣ ኩሬዎችና ዝግ ብለው በሚፈስሱ ወንዞች የሚኖረውን ሌፖሚስ ጊቦሰስንና መሰሎቹን፣ እንዲሁም የውቅያኖሱን ግዙፍ ሞላ ሞላን ነው። የአውሮፓ ኅብረት በ2019 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ማስገባትና ማራባት ከተከለከሉት ወራሪ ዝርያዎች መዝገብ ጨምሮታል፤ ሞላ ሞላ በአንጻሩ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ ለመጥፋት የተጋለጠ ተብሎ ሰፍሯል። ስሙን ያደባለቀ ትርጉም እንግዲህ የሚጠበቀውን ከሚወገደው ጋር አንድ ያደርጋል።

ፈረንሳይኛና ጀርመንኛ የሐይቁን «ፀሐይ ፐርች»፣ የባሕሩን «ጨረቃ ዓሣ» በማለት ለይተዋቸዋል። መለየቱ መልካም ነው፤ «ፐርች» የሚለው ግን ለእኛ አይበጅም። ሊኒየስ በ1758 እ.ኤ.አ. ዝርያውን «ፔርካ ጊቦሳ» ብሎ በፐርቾች ወገን አስገብቶት ነበር። ኋላ ግን ራፊኔስክ በ1819 እ.ኤ.አ. ወዳቆመው ወደ ሌፖሚስ ወገን ተዛወረ። አስተኔው ሴንትራርኪዴ ነው፤ ክፍለ መደቡም ቀድሞ ከፐርቾች ጋር አንድ ሲሆን፣ ዛሬ ብዙ ሊቃውንት ሴንትራርኪፎርሜስ ብለው ይለዩታል።

ይህ ዝውውር በጽሕፈት ምልክት ይታወቃል። «ሌፖሚስ ጊቦሰስ (ሊኒየስ፣ 1758)» ሲባል፣ ቅንፉ ሰያሚው ዝርያውን መጀመሪያ በሌላ ወገን ሥር እንዳኖረው ያስረዳል። ብሉጊል የሚባለው ዘመዱ ግን ከመነሻው በሌፖሚስ ሥር ስለ ተሰየመ «ሌፖሚስ ማክሮኪረስ ራፊኔስክ፣ 1819» ተብሎ ያለ ቅንፍ ይጻፋል። ቅንፉን እንደ ጌጥ ቆጥሮ የሚተው ተርጓሚ የስሙን ታሪክ ይሰርዛል።

ቆሮሶና አምባዛ ከዓሣ አጥማጁ አፍ የተገኙ ስሞች ናቸው፤ በአገራችን ውኃዎች በተፈጥሮ ለማይገኝ ዓሣ ግን ስም መሥራት ግድ ነው። የእንግሊዝኛው ልማዳዊ ስም፣ «የዱባ ፍሬ»፣ የአካሉን ቅርጽ ይዞ የወጣ ቢሆንም የእኛን አንባቢ ወደ ምግብ ይወስደዋል። ሌፖሚስ ከግሪክኛ «ቅርፊት» እና «ክዳን» የተገጠመ ነው፤ ቃል በቃል ቢመለስ ከባድ ይሆናል። ጊቦሰስ ግን በላቲን «ጎባጣ» ማለት ነው። ስለዚህ ለወገኑ «ፀሐይ ዓሣ»፣ ለዝርያው «ጎባጣ ፀሐይ ዓሣ» ቢባል ይስማማል። ለሞላ ሞላ፣ ቃሉ በላቲን የወፍጮ ድንጋይ ማለት በመሆኑ፣ «ወፍጮ ዓሣ» የተሻለ ይመስለናል፤ ክቡን ቅርጹንም ይገልጻል። በሕግና በሳይንስ ጽሑፎች ሁሉ የላቲኑ ስም በመጀመሪያው አገባብ ከአማርኛው ጎን ይጻፍ።