ቅርጹ ሌላ፣ ቆዳው ሌላ

የመኪና ዳሽቦርድ ሲዳስሱት ቆዳ ይመስላል፤ ዕቃው ግን ፕላስቲክ ነው። በላዩ ያሉትን ደቃቅ ጉብታዎችና ሽንትሮች ንድፍ አውጪው በኮምፒውተር አንድ በአንድ የሠራቸው የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን በንድፉ ፋይል ውስጥ ጨርሶ የሉም። ንድፉ ልሙጥ ነው፤ የትኛው ገጽ በየትኛው ጥለት እንደሚሸፈን የሚናገረው አብሮት የሚሄድ ማስታወሻ ነው። ጥለቱ የሚቀረጸው ፕላስቲኩ በሚፈስበት የብረት ሞልድ ላይ፣ በአሲድ ወይም በሌዘር ነው። ሶፍትዌሩ ሁሉን ማሳየት በሚችልበት ዘመን ይህ አሠራር ኋላ ቀር ሊመስል ይችላል። እኔ ግን እንደ እጀታና እንደ ሰው ሠራሽ እግር ላሉ ጎባጣ ነገሮች፣ ቅርጽንና ቆዳን እስከ መጨረሻው ለያይቶ ማቆየት ትክክለኛው መንገድ ነው እላለሁ።

ምክንያቱ የሚጀምረው ካድ የሚባለው የኮምፒውተር መንደፊያ ሶፍትዌር ገጽን ከሚይዝበት መንገድ ነው። ፖል ደ ካስቴልዦ በሲትሮይን፣ ፒዬር ቤዚዬ ደግሞ በሬኖ፣ እ.ኤ.አ. በ1960 ግድም ለመኪና አካል ባበጁት ስሌት ሰፊ ጉብታ በጥቂት ነጥቦች ይገለጻል፤ አንዷን ነጥብ ጎተት ሲያደርጓት አካባቢዋ ሁሉ ተከትሏት ይጎብጣል። ለስላሳ ገጽ በዚህ ስሌት ርካሽ ነው። ሸካራው ግን በጥቂት ነጥቦች ስለማይጠቃለል ወደ ብዙ ጎነ ሦስቶች መሰባበር አለበት። 100 ካሬ ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው እጀታ በየ0.1 ሚሊ ሜትሩ ቢከፈል አንድ ሚሊዮን ካሬዎች፣ ማለትም 2 ሚሊዮን ጎነ ሦስቶች ይወጡታል። በስሪዲ ኅትመት የተለመደው የኤስቲኤል ፋይል ለአንዱ 50 ባይት ስለሚፈጅ እጀታው ብቻውን 100 ሜጋ ባይት ይሆናል። ደንበኛው በማግስቱ «ትንሽ ይወፍር» ቢል ያ ሁሉ እንደ አዲስ ይሠራል።

ኮምፒውተር በየዓመቱ እየፈጠነ ነውና ይህ ጊዜያዊ ችግር ነው የሚል ይኖራል። ስለ ፋይሉ መጠን እውነት አለው። ነገር ግን የሒሳብ ሊቁ ጋውስ እ.ኤ.አ. በ1827 ያረጋገጠውን ፍጥነት አይሽረውም፤ ጠፍጣፋ ነገር ሳይለጠጥ ወይም ሳይጨማደድ ሉል የመሰለ ገጽ ላይ አይገጥምም። አገልግል በቆዳ የሚለብጥ ባለሙያ ይህን ያለ ሒሳብ ያውቀዋል። ጥለቱ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው በግራጫ ሥዕል ነው፤ ነጣ ያለው ቦታ ወደ ውጭ ይገፋል፣ የጠቆረው ይጎደጉዳል። ሥዕሉ ጠፍጣፋ ስለሆነ የሆነ ቦታ መቀደድና መገጣጠም ግድ ነው። ስፌቱን ዓይንና መዳፍ በማይደርሱበት በኩል መደበቅ የሰው ፍርድ ነው። ሥዕሉን ከሦስት አቅጣጫ አብርቶ ማዋሃድም ይቻላል፤ ስፌቱ ይጠፋል፣ ሰያፍ በሆኑ ቦታዎች ላይ ግን ጥለቱ ይደበዝዛል።

የበለጠ የሚከብደው ተቃውሞ ሌላ ነው፤ ሸካራነቱ ራሱ ሥራ የሚሠራበት ጊዜ አለ። በጎልፍ ኳስ ላይ ያሉት ከ300 እስከ 500 የሚሆኑ ስርጉዶች ጌጥ አይደሉም፤ ኳሱን የሚይዘውን የአየር ጉተታ በግማሽ ገደማ ይቀንሱታል። ለዳሌ መገጣጠሚያ የሚተከል ቲታኒየምም አጥንቱ ሰርጎ እንዲይዘው ቀዳዳ በቀዳዳ ሆኖ ይሠራል። እነዚህን በማስታወሻ ማለፍ አይቻልም፤ በልክ መነደፍ አለባቸው። እኔም እቀበላለሁ፤ እንዲያውም እነሱን ቆዳ ማለቱ ስህተት ነው፣ ቅርጹ ራሱ ናቸው።

መለየት ማለት ግን መርሳት አይደለም። አፉ 0.4 ሚሊ ሜትር የሆነ ተራ የስሪዲ ፕሪንተር የ0.1 ሚሊ ሜትር ሽንትር ጎን ለጎን ሊያትም አይችልም፤ በስክሪን ላይ ያማረው ሁሉ እዚያ ይቀራል። በሞልድ በሚሠራ ዕቃ ደግሞ ጥለቱ ፕላስቲኩ ሲወጣ እንዳይፋቅ ለእያንዳንዱ 0.025 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ግድግዳው ከ1 እስከ 1.5 ዲግሪ ያህል ተጨማሪ ዘመም ማለት አለበት። 0.1 ሚሊ ሜትር የሚጎደጉድ የቆዳ ጥለት ከ4 እስከ 6 ዲግሪ ይጠይቃል ማለት ነው። ስለዚህ ንድፍ አውጪው ጥለቱን በመጀመሪያው ቀን ባይነድፈውም ጥልቀቱን ግን መጠየቅ አለበት፤ ቀጥ ብሎ ያለቀን ግድግዳ በኋላ ላይ ማዝመም አጠገቡ ያለውን ሁሉ ያናጋል።